የስልኩና የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር አንድ ይሁን ወይስ ይለያይ?

ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ሩዙ በውሃው ውስጥ ይበቅላል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽንብራ ይዘራል። መሬቱ አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ወቅቱ ይለያያል። መሣሪያውም እንደ ሥራው ይለያያል። ማረሻ ለእርሻ ነው፤ ማጭድ ለአጨዳ ነው። በማጭድ ልረስ የሚል ገበሬ የለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ወደ ኑሯችን ገብተዋል። አንዱ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ነው። ሁለተኛው በባንክ፣ በቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ነው። ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ያሰላሉ፣ መዝገብ ይይዛሉ። ታዲያ ሥራቸው ይህን ያህል ከተቀራረበ ሶፍትዌራቸው ለምን አንድ አይሆንም? ይህ ጥያቄ ሶፍትዌር የሚሠሩትን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

አንዳንድ አንባቢ «ይሄ የፈረንጅ ክርክር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ያገባናል። የሸጥነው ሩዝ፣ የተበደርነው ማዳበሪያ፣ ያስቀመጥነው ገንዘብ ዛሬ የሚመዘገበው በእነዚህ መሣሪያዎች ነው። መዝገቡ በስልኩ አንድ ነገር፣ በኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ከተናገረ የሚጎዳው ባለ ንብረቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

1. ሶፍትዌር ማለት ምን ማለት ነው?

በሬ በቀንበር ስለተጠመደ ብቻ አያርስም። አራሹ ሂድ፣ ቁም፣ ተመለስ ማለት አለበት። ስልክና ኮምፒውተርም እንዲሁ ናቸው። ብረታቸውና መስተዋታቸው ብቻውን ሥራ አይሠራም። ምን እንደሚሠሩ የሚነግራቸው ትእዛዝ ያስፈልጋል። ይህ ተጽፎ በውስጣቸው የተቀመጠ ትእዛዝ ሶፍትዌር ይባላል።

ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መሣሪያውን በሙሉ የሚመራው ዋናው ሶፍትዌር ነው። ይህን እንደ አውድማ ልንቆጥረው እንችላለን። ሁለተኛው በዚያ አውድማ ላይ የሚሠራው ልዩ ልዩ ፕሮግራም ነው። ሒሳብ የሚያሰላ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ገንዘብ የሚልክ ፕሮግራም አለ።

የስልክ አውድማና የኮምፒውተር አውድማ ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። በአገራችን በብዙ ስማርት ስልኮች ላይ ያለው ዋና ሶፍትዌር አንድሮይድ ይባላል። በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ለአንድሮይድ የተሠራ ፕሮግራም እንዲሁ ተወስዶ በዊንዶውስ ላይ አይሠራም። የዊንዶውሱም በአንድሮይድ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን ፕሮግራም የሚፈልግ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ማሠራት ይኖርበታል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

2. አንድ ይሁኑ የሚሉት ምን ይላሉ?

አንድ ይሁኑ የሚሉት ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሏቸው።

አንደኛው ወጪ ነው። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ማውጣት ነው። ሀብታም ድርጅት ይችለው ይሆናል። አንድ የሩዝ ገበሬዎች ማኅበር ግን አይችለውም።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። ሰው አንዱን መሣሪያ ከለመደ በኋላ ሌላውን እንደገና ከሀ ሁ መጀመር የለበትም። በስልክ የተማረው በኮምፒውተርም ቢያገለግለው ድካሙ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የትልልቆቹ ሶፍትዌሮች ሠሪዎች በውጭ አገር ናቸው። መጀመሪያ የሚያስቡት ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የሚጨመረው በኋላ ነው። አውድማው ሁለት ከሆነ አማርኛም ሁለት ጊዜ ወረፋ ይጠብቃል። አንድ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ተጨምሮ ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለዚህ ወገን ልንሰጠው እንችላለን።

3. ይለያዩ የሚሉትስ?

የሌላው ወገን ሰዎች የሚነሡት ከሥራው ነው። ስልክ የሚያዘው በአንድ እጅ ነው። ባለቤቱ በማሳ ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው፣ እጁ ጭቃ ሆኖ ያየዋል። መስተዋቱ ከመዳፍ አይበልጥም። በላዩ ላይ ጥቂት ነገር፣ በጉልህ ተጽፎ መታየት አለበት።

ኮምፒውተር ግን የሚሠራበት በጥላ ሥር፣ ተቀምጠው፣ በሁለት እጅ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ የ300 አባላትን ስም፣ የእያንዳንዱን ኩንታል፣ ዋጋና ዕዳ በአንድ ሰፊ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል። ያንን ሰፊ ገጽ በስልክ መስተዋት ላይ ብንጭነው የሚያነበው የለም። ለስልክ የተሠራውን ጥቂትና ጉልህ ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ላይ ብንዘረጋው ደግሞ ጸሐፊው ሥራውን አይጨርስም።

ሁለተኛ ስጋትም አለ። ሁሉ ነገር በአንድ ድርጅት ሶፍትዌር ላይ ከወደቀ ያ ድርጅት ዋጋ ሲጨምር ወይም አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ሌላ መሄጃ አይኖርም። አንድ ብልሽት ቢመጣም ሁለቱን መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ ያቆማል።

4. በዓለም ላይ ምን ተሞከረ?

ነገሩ ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በተግባር ተሞክሯል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2012 ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ዊንዶውስ 8ን አወጣ። ይህ ሶፍትዌር በጣት ለሚነካ መስተዋት የሚስማሙ ትልልቅ ሰሌዳዎችን በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ አመጣ። ሰዎች ሥራ ለመጀመር ዘወትር የሚጫኑት በጥግ ያለው ቁልፍም ከቦታው ጠፋ። በጣት የማይነካ ኮምፒውተር የነበራቸው ብዙ ሰዎች ተቸገሩ፤ አጉረመረሙም። ድርጅቱ በ2013 ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰ። በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 የድሮውን መልክ የሚመስል ማውጫ አመጣ። በዚያው በዊንዶውስ 10 ስልኩንም ኮምፒውተሩንም በአንድ ሶፍትዌር ለመያዝ ሞክሮ ነበር። የስልኩ ገበያ ግን አልሆነለትም። ለስልኩ ሶፍትዌር ይሰጥ የነበረው ድጋፍ በጥር ወር 2020 አበቃ።

ኡቡንቱ የሚባል በነፃ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሶፍትዌርም አለ። ስሙ በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ነው፤ መሥራቹም የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። የኡቡንቱ ሠሪዎች ሐሳብ ትልቅ ነበር። ስልኩ ከሰፊ መስተዋት ጋር ሲገናኝ ራሱ ኮምፒውተር እንዲሆን አስበው ነበር። ብዙ ከደከሙበት በኋላ በሚያዝያ 2017 ሥራውን ማቆማቸውን አስታወቁ።

አፕል የተባለው ድርጅት ሌላ መንገድ ያዘ። በ2018 የስልኩንና የኮምፒውተሩን ዋና ሶፍትዌር እንደማያዋህድ በግልጽ ተናገረ። በ2020 ግን የስልኮቹን ዓይነት ልብ ያላቸው ኮምፒውተሮች መሥራት ጀመረ። ልብ ስንል ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ትንሽ ክፍል ማለታችን ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የስልክ ፕሮግራሞች በኮምፒውተሮቹ ላይ መሥራት ቻሉ። የሁለቱ መልክ ግን እንደተለያየ ቀረ። የአንድሮይድ ባለቤት ጉግልም በ2025 አንድሮይድንና ክሮም የሚባለውን የኮምፒውተር ሶፍትዌሩን በአንድ መሠረት ላይ እንደሚያዋህድ ተናግሯል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። መልክን በግድ አንድ ማድረግ ሰውን አስቸገረ። ከሥር ያለውን አንድ ማድረግ ግን ጠቀመ።

5. በአገራችንስ? የፊደላችን ነገር

ይህንኑ ትምህርት ከፊደላችን ታሪክ እናገኘዋለን።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አንዱ ሀ ሁ ሂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ አንዱ በደብተር ላይ ተጻፈ፤ አንዱ በአሸዋ ላይ ተጻፈ። የተጻፈበት ነገር ቢለያይም ሀ ያው ሀ ነው። የተማረ ሁሉ ያነበዋል።

በኮምፒውተር ላይ ግን ነገሩ ለረጅም ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኮምፒውተር ፊደልን በቅርጹ አያውቀውም። የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ሲጀመር ግን የጋራ ቁጥር አልነበረም። እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ሠሪ የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድብልቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ግን የሚያነበው የለም። ይህስ ከመጥፋት በምን ይሻላል?

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ ከሚያሰፍረው ዩኒኮድ ከሚባል ስምምነት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሀ ቁጥሩ 4608 ነው፤ ሁ 4609 ነው። ወረታ የሚለውን ስም እንውሰድ። ወ 4808፣ ረ 4648፣ ታ ደግሞ 4723 ነው። ወረታ ብላችሁ ከማሳችሁ በስልክ ብትልኩ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ይቀበላቸውና ያንኑ ወረታን ይጽፋል።

ሆኖም የጋራ ቁጥር መኖሩ ብቻ አልበቃም። መሣሪያዎቹ ሁሉ ፊደሉን ማወቅ ነበረባቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የፊደላችንን ቅርጽ በውስጡ ይዞ መጣ። ከጊዜ በኋላ ስልኮችም አማርኛን ማሳየትና መጻፍ ቻሉ።

አሁን አጻጻፉን እንመልከት። 33ቱ ፊደሎቻችን ሰባት ሰባት ቤት ስላላቸው 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የሚይዝ የቁልፍ ሰሌዳ የለም። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ አከታትለን እንጫናለን። በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ ግዕዙን ስንነካ ሌሎቹ ቤቶች ወጥተው ይታያሉ። የእጁ ሥራ ይለያያል፤ የሚጻፈው ፊደል ግን አንድ ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ መልስ አገኘ ማለት ነው። ከሥር ያለው አንድ ሆነ፤ ከላይ ያለው እንደ መሣሪያው ተለየ።

6. መንገዱና ተሽከርካሪው

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደውም ከእርሷ ይነሣል። በዚህ መንገድ ላይ አውቶቡስ ይሄዳል፣ ባጃጅ ይሄዳል፣ ጋሪም ይሄዳል። ሁሉም አውቶቡስ ይሁን የሚል የለም። መንገዱ ግን አንድ ነው። ቀኝህን ይዘህ ሂድ የሚለው ደንብም ለሁሉም አንድ ነው። ለባጃጅ ሌላ መንገድ፣ ለጋሪ ሌላ መንገድ ይሠራ ቢባል ማን ይችለዋል?

በስልክ ገንዘብ መላኪያውን ቴሌብርን በዚህ ዓይን እንየው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ስማርት ስልክ ያለው ሰው በፕሮግራሙ ይጠቀማል። ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ደግሞ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይገባል። አንዱ ሥዕልና ቀለም ያያል፤ ሌላው በተራ ቁጥር የተጻፈ ዝርዝር ያያል። ሒሳቡ ግን አንድ ነው። 500 ብር ያለው ሰው በየትኛውም ቢገባ 500 ብር ነው።

ለገበሬዎች የእርሻ ምክር እንዲሰጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመርም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ምክሩ በድምፅ ስለሚሰማ ለባለ ቁልፍ ስልክም ሆነ።

ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። አንዳንድ ሰው «ሁሉን አንድ እናድርግ» ሲል በልቡ የሚያስበው ስማርት ስልክና ኮምፒውተርን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አንድነት ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘችውን ገበሬ ከደጅ ያስቀራታል። አንድነቱ እርሷን ካላስገባ አንድነት አይባልም።

7. መዝገቡ ሳይስማማ ሲቀር

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የማኅበር አባል ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. 12 ኩንታል ሩዝ አስረከበች እንበል። በወረቀት ደረሰኟ ላይ ቀኑ እንዲሁ ተጽፏል። ጸሐፊው በኮምፒውተሩ ሲያስገባው ግን ሶፍትዌሩ የፈረንጁን ቀን ብቻ ስለሚያውቅ ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ብሎ ያዘው። በኋላ ክፍያ ሲዘገይባት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች።

«እናቴ፣ መዝገቡ 24 ነው የሚለው» አላት ጸሐፊው።

«እኔ ያስረከብኩት በ15 ነው እንጂ በ24 አይደለም፤ የ24ቱ የሌላ ሰው ይሆናል» አለች።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ቀኑ አንድ ቀን ነው። ግን መሣሪያዎቹ ስላልተስማሙ ሰዎቹ ተጣሉ። በሰዓትም እንዲሁ ነው። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የምንለውን ብዙ ስልክ 7 ብሎ ያሳያል። ለሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና የተባለ ሰው በስልኩ 1 እስኪል ቢጠብቅ ቀኑ ተጋምሶ ያገኘዋል።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው። አራት ነገሮች በስልኩም በኮምፒውተሩም አንድ ይሁኑ፤ ፊደሉ፣ ቀኑ፣ ሒሳቡና የአባሉ መለያ ቁጥር። እነዚህ የባለ ንብረቱ ናቸው። የመስተዋቱ መልክ፣ የቁልፉ አቀማመጥና የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን እንደ መሣሪያውና እንደ ሠራተኛው ይለያይ። ሁሉን አንድ እናድርግ ማለት ማረሻውንና ማጭዱን ባንድ ላይ እንደ መቀጥቀጥ ነው። ሁሉን እንለይ ማለት ደግሞ በየቤቱ ሌላ ሌላ መስፈሪያ እንደ መያዝ ነው።

8. ከጽሕፈት ቤት ስንቀርብ ምን እንጠይቅ?

ይህን ለማስጠበቅ የሶፍትዌር ሠሪ መሆን አያስፈልግም። ማንበብና መጠየቅ ይበቃል። ማኅበራችሁ አዲስ ሶፍትዌር ሲያስገባ በስብሰባ ላይ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ በወረቀቱ፣ በስልኩ መልእክትና በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የደረሰኝ ቁጥር አንድ ነው ወይ?

ሁለተኛ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይታያል ወይ? የፈረንጁ ካለበትም ሁለቱ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው አባል ሒሳቡን ማየት ይችላል ወይ?

አራተኛ፣ ጽሑፉ በጋራው ፊደል በዩኒኮድ ነው ወይ? ነገ ኮምፒውተሩ ቢቀየር መዝገቡ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሊሻገር ይችላል ወይ?

አምስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ?

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። ሒሳቡ በሁሉም መሣሪያ አንድ ሲሆን የምሥጢር ቁጥሩም የሁሉ በር ቁልፍ ይሆናል። ስለዚህ የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ በስልክ ለሚጠይቅም ቢሆን አትናገሩ። በመልእክት የመጣላችሁን ቁጥርም አታንብቡለት። ደረሰኙን ደግሞ መዝገቦቹ መስማማታቸውን ሳታዩ አትጣሉ።

ቃላት

ሶፍትዌር፦ ለስልክ ወይም ለኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ የሚነግር፣ ተጽፎ የተቀመጠ ትእዛዝ።
ዋና ሶፍትዌር፦ መሣሪያውን በሙሉ የሚመራና ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩበት።
ስማርት ስልክ፦ መስተዋቱ በጣት የሚነካ፣ ልዩ ልዩ ፕሮግራም የሚጫንበት ስልክ።
ባለ ቁልፍ ስልክ፦ በቁልፍ የሚሠራ ተራ ስልክ።
ዩኒኮድ፦ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሰጠ ስምምነት።
የምሥጢር ቁጥር፦ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የሒሳብ መክፈቻ።

ጥያቄዎች

1. በአንድ የጽሕፈት ፕሮግራም የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው የማይነበበው ለምን ነበር? መፍትሔውስ ምን ሆነ?
2. ዊንዶውስ 8 በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ያስቸገረው ለምንድን ነው?
3. ታኅሣሥ 15 እና ዲሴምበር 24 አንድ ቀን ሊሆኑ እንደሚችሉ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።
4. በማኅበራችሁ መዝገብ ውስጥ በሁሉም ቦታ አንድ መሆን ያለበት ምንድን ነው? ሊለያይ የሚችለውስ? በቡድን ተወያዩ።
5. በቤታችሁ ያለውን አንድ ደረሰኝ አውጡ። ቁጥሩንና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ። በስልክ የደረሳችሁ መልእክት ካለ አስተያዩት። ይስማማሉ?